ሳፓርጋሊ አጋና አፈር የማያውቀው ሰላጣቸው

በየሕንፃው አዲስ እውነት የተገለጠለት አንድ ሰው አይጠፋም። እስከ ትናንት እንደ እኛው ተራ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ነገሩን ለሁላችንም ካላስረዳ እንቅልፍ አይወስደውም። እዚህ የከሰል ከተማችን ካራጋንዳ፣ በእኛ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ሳፓርጋሊ አጋ ናቸው፤ «አጋ» በእኛ ዘንድ «ጋሼ» እንደ ማለት ነው።

አጋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ፓምፖችን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከመሬት በላይ መዋል ግን አልሆነላቸውም። የሕንፃውን ምድር ቤት ጠረጉና እስከ ጣሪያው መደርደሪያ ደረደሩበት። በየመደርደሪያው ሐምራዊ አምፖል፣ ከሥሩ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ድንብላል። አፈር የሚባል የለም። ሥሩ ቱቦ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ውሃ እንደ ጉም ይረጭበታል።

«አፈር የሰነፍ ተክል አልጋ ነው!» ይላሉ፣ ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ። የአንድ ጎረቤታችን አርባ ሲወጣ፣ ሙላው ዱዓ ሊያደርጉ አፋቸውን ሲከፍቱ አጋ ቀደሟቸው፦ «ትል የለ! መድኃኒት የለ! ውሃውም ጭላጭ ነው!» የዚያን ቀን ሟቹን ያስታወሰው የለም።

አንድ ጊዜ ፖሊስ ሐምራዊውን ብርሃን አይቶ «ምንድን ነው የምታበቅሉት?» ብሎ መጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ እቅፍ በሶብላ ይዞ፣ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

ያልተሸነፉት የአንደኛ ፎቋ እትዬ፣ ባጊላ አፓ ብቻ ናቸው። ከከተማ ውጭ የድንች ማሳ አላቸው፤ ድንቻቸውን የሚያስቀምጡትም እዚያው ምድር ቤት ነበር።

«ሳፓርጋሊ፣ ቅጠል ለበግ ነው። ድንች አብቅልና ሰው ልበልህ!»

«ድንች በአምፖል አያዋጣም። የሚበላውን መብራት ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያው ምኑ እርሻ ሆነ? ፀሐይ እኮ በነፃ ናት!»

«ጥር ላይ አምጪያት እስቲ!»

በዚህስ አጋ እውነት አላቸው። ውጭው በብርድ ሲሰነጠቅ እኛ ትኩስ ሰላጣ እንበላለን። ባጊላ አፓ እንኳ «ለጥንቸሌ ነው» እያሉ ይወስዳሉ። ጥንቸል የላቸውም።

ባለፈው ጥር የበረዶ ውሽንፍር መንገዱን ሁሉ ዘጋውና ጠዋት ላይ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። አፈር ቢሆን ጥቂት እርጥበት ያቆያል፤ የተንጠለጠለ ሥር ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። አጋ ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን በባልዲ ውሃ ማመላለስ ያዙ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሕንፃው ጭር ብሏል። ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ማንንም አላስተማሩም!

ባትሪ ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ግርጌ ቁጭ ብለዋል፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጮኽኩ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ባጊላ አፓ ናቸው፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዳትሞትብኝ! ከማን ጋር ልጣላ?»

አምቡላንስ ጠራን፤ «መንገድ የለም» አሉን። የሦስተኛ ፎቋ ነርስ መሩየርት መጥታ የእጃቸውን ምት ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ልብዎ ደኅና ነው» አለች በመጨረሻ። «አጋ፣ ምግብ የበሉት መቼ ነው?»

አጋ አሰቡ፣ አሰቡና «ትናንት» አሉ።

ባጊላ አፓ እያለቀሱም እየተሳደቡም ወጥተው፣ በጋዝ ምድጃቸው የቀቀሉትን ትኩስ ድንች በቅቤ ይዘው ተመለሱ። አጋ አራት ድንች በሉ፤ ስለ አፈር አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

አፓ መደርደሪያዎቹን ቃኙና ወደ እኛ ዞሩ። «ምን ይገትራችኋል? ባልዲ ያዙ እንጂ!» ከደረጃው እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ተሰልፈን ውሃ ተቀባበልን። ማምሻውን መብራት ሲመጣ ግማሹ ሰላጣ ሞቷል፣ ግማሹ ቀና ብሏል።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አጋ ናቸው፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ብብታቸው ሥር ጥቅል ወረቀት ይዘዋል። «መብራት ቢጠፋ ፓምፑን ለስድስት ሰዓት የሚያሠራ መጠባበቂያ ነድፌያለሁ» አሉ፣ ገና ደፉ ላይ እንደቆሙ።

ከተቀመጡ እስከ ምሳ እንደማይነሡ አውቃለሁ። ወንበር ሳብኩላቸው፣ ሻይ በወተት ቀዳሁላቸው፤ ከዚያም በሦስት ዓመት ጉርብትናችን አንድ ጊዜ እንኳ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ስለ እርሻቸው ጠየቅኳቸው።

«ከስድስት ሰዓት በኋላስ፣ አጋ?»

ካፖርታቸውን አወለቁ።