አፉን ከፍቶ ፎቶ የተነሳው ምንጅላት

[ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ታናሽየው በየሰርጉ ይዘፍናል። የድሮው የቤተሰብ ፎቶ ከግድግዳ ወርዷል። የመስታወቱ አቧራ ሲጠረግ፣ አባታቸው «ከኋላ አለ» ይላቸው የነበረው ምንጅላት ብቅ ብሏል።]

ሰፊው፦ መርፌ ነው እያልኩህ! አፉ ውስጥ መርፌ ይዟል!

ዘፋኙ፦ ጋሼ፣ አፉን በርግዶ መርፌ የሚይዝ ሰው የት አየህ? ሊውጠው ነው?

ሰፊው፦ እንግዲያው ሲሰፋ አድሮ እያዛጋ ነዋ! በዘራችን ሰፊ እንጂ ዘፋኝ የለም። የዛሬው ሰርግ የመጨረሻህ ነው፤ ነገ እዚች የስፌት መኪና ላይ ትቀመጣለህ። አለቀ!

ዘፋኙ፦ እሺ፣ አንተ ታላቄ፣ አስረዳኝ። ሌሎቹ እንዴት እንዲህ ጥርት ብለው ወጡ?

ሰፊው፦ እንደ ሐውልት ቆመው ነዋ! ያኔ ፎቶ አንሺው «በቃ» እስኪል መተንፈስም ያስፈራ ነበር። የተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል።

ዘፋኙ፦ የእሱስ ምኑ ደበዘዘ?

ሰፊው፦ [አጎንብሶ] አፉ... አፉ ብቻ።

ዘፋኙ፦ ይኸው! ካሜራው ፊት ዘፈኑን ለቆታል! [ያዜማል]
ዝም በል እያሉት አፉን መች ዘጋና፣
ፎቶው ውስጥ ይሰማል ከነድምፁ ቃና።

ሰፊው፦ አንሺውን እየሰደበው ቢሆንስ?

ዘፋኙ፦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ? እንዲህ ያለ ስድብስ እኔም በተሰደብኩ!

ሰፊው፦ [መነጽሩን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ] እውነትም... ዘፋኝ ነው።

ዘፋኙ፦ ተመስገን! አየህ ጋሼ፣ ዘፈን የደም ነገር ነው። መልኩን የወረሰ ድምፁንም ይወርሳል፤ ከነአፍንጫው፣ ከነጆሮው!

ሰፊው፦ ከነጆሮው?

ዘፋኙ፦ ከነጆሮው!

ሰፊው፦ [መስታወት ፊት ቆሞ ጆሮውን እየዳሰሰ] የሱ ጆሮ ወጣ ወጣ ያለ ነው። የኔም። ያንተ ግን... ልጥፍ ብሏል።

ዘፋኙ፦ እ... እኔ እንኳ የእማዬን ነው የወሰድኩት...

ሰፊው፦ እስቲ ዝም በል። [ጉሮሮውን ጠርጎ ያንጎራጉራል። ድምፁ ማር ነው። ሁለት መንገደኞች በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ።]

ዘፋኙ፦ [ፈዝዞ] ጋሼ! ይሄን ሁሉ ዘመን የት ደብቀኸው ነው?

ሰፊው፦ መኪናው እየጮኸ ማን ይስማኝ? [ኮቱን ያጠልቃል] ሰርጉ የት ነው ያልከኝ?

ዘፋኙ፦ ኧረ ጋሼ! እኔስ?

ሰፊው፦ ረታኸኝ እኮ፣ ወንድሜ! የደም ነገር ነው። ያቺን ሱሪ ጫፏን አጥፈህ ጨርሳት። [ከደጅ ተመልሶ አንገቱን ያስገባል] ስትሰፋ ደግሞ እንዳታንጎራጉር! አሁን የዘፋኝ ቤተሰብ ነን፤ ስማችንን ታሰድባለህ!