ቄጠማ ያጠራው ውሃ

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደና፣ ዓለም ተገልብጣ በሕልሜ አየሁ።

እኔ ዓሦቼን በማኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየሙ ውስጥ ነበርኩ። ዓሦቼ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁ ወርቃማ ዓሣ እግር ሳይኖረው ነጠላ ጫማዬን አድርጓል። እንዴት እንዳደረገው አልጠየቅኩም፤ በሕልም ማን ይጠይቃል። ትንንሾቹ ዓሦች መስታወቱን ሊያንኳኩ ሲሉ፣ «ተዉት፣ ይደነግጣል» አላቸው። እኔ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምለውን ነው።

«ውሃው ተስማማህ?» አለኝ።

«በጣም!» አልኩ፣ አረፋ ከአፌ እየወጣ። «ማጣሪያውን እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት!»

ስለ ማጣሪያው ካልነገርኳችሁ ሕልሙ አይገባችሁም። ከሱቅ የገዛሁት ሲቃጠልብኝ የራሴን ሠራሁ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ግንበኞች የተረፋቸውን ቀይ አሸዋ አጥቤ ሞላሁበት፤ ላዩ ላይ ቄጠማ ተከልኩ። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከአኳሪየሙ ወደ ጀሪካኑ ያወጣዋል፣ የቄጠማው ሥር የዓሦቹን ቆሻሻ ይመገባል፣ ውሃው ጠርቶ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ ግን የተከልኩት ለበዓል የሚጎዘጎዘውን፣ ከገበያ የገዛሁትን ቄጠማ ነበር። ሥር የሌለው ነገር መቼም አይጸድቅም፣ እኔ ግን ልብ አላልኩም። በሰበሰና ቤቱን አገማው። አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ ስሜን ትተው «ያ ረግረግ» ይሉኝ ጀመሩ። ባለቤቴ ሰርክዓለም ደግሞ ቁርጤን ነገረችኝ፤ የእናቷ የማኅበር ሴቶች እኛ ቤት በሚመጡበት እሑድ ያ ሽታ ካለ፣ ዓሦቹ ከነመስታወታቸው ይወጣሉ። ከከተማ ወጣ ብዬ፣ ከምንጭ ዳር ከነሥሩ ነቅዬ እንደገና ተከልኩ። እሑዱ እንግዲህ ትናንት ነበር።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ዓሣው መስኮቱን ከፈተልኝ። ታች፣ መንገዱ ላይ፣ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ባዶ ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። የሰፈራችን ሰው በየበሩ ቆሞ ይቆጣቸዋል። ከዓርብ ጀምሮ ቧንቧችን ስለደረቀ ነው መሰለኝ እንዲህ ያለ ሕልም ያየሁት።

«ዛሬ የእናንተ ፈረቃ አይደለም!» ትላለች ባለሱቋ።

«እባክሽ እናቴ፣ ቢሮ ውስጥ የተጠሙ ሰዎች አሉ» ይላል ሥራ አስኪያጁ።

«ሲስተም የለም አልኩህ እኮ! ነገ ተመለስ!»

ከሰልፉ መጨረሻ ወንዙ ቆሟል። ያ ድልድይ ሥር የሚፈሰው የሰፈራችን ጥቁር ወንዝ። ሁሉንም ደረጃ በእግሩ ወጥቶ በሩን አንኳኳና ጫማውን አወለቀ። እኔ ከመስታወቱ መቼ እንደወጣሁ አላውቅም፣ በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። እጄን ስዘረጋ ወደኋላ አፈገፈገ።

«አልጨብጥህም ወንድሜ። እጄ ይሸታል።»

አንጀቴን በላኝ። «ግባ እንጂ፣ ምን ችግር አለው!» አልኩት።

«ድሮ ሰው ልብሱን የሚያጥበው በእኔ ነበር» አለ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ እያለ። «አሁን እኔን የሚያጥበኝ አጣሁ።»

ወዲያው ሳሎኑ አዳራሽ ሆነ። አንድ አምባዛ ዓሣ ኮት ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ በሰብሳቢነት ተቀምጧል። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች ነጠላ አጣፍተው ዙሪያውን ሞልተውታል።

«ደምሰው ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ይህ ወንዝ በጀሪካንህ ያልፋል። ጠርቶ ከወጣ ዓሦችህ ያንተ ናቸው። ካልጠራ ግን አንተ የእነሱ ነህ። መስታወት ውስጥ ትኖራለህ፣ ጠዋት ማታ ብስኩት ይበተንልሃል።»

ወንዙ ጀሪካኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱን አራገፈ። ፌስታል ወጣ፣ የመኪና ጎማ ወጣ፣ አንድ ሙሉ ፍራሽ ወጣ።

«የእኔ አይደሉም» አለ አቀርቅሮ። «ሰዎች ናቸው ያስያዙኝ።»

ገባ። ቄጠማው እጅጌውን ሰብስቦ ጀርባውን ያሸው ጀመር። «ኧረ ይኮረኩረኛል!» እያለ ወንዙ እንደ ሕፃን ይስቃል። ከወዲያኛው ጫፍ ኩልል ብሎ ወጣ፤ ፊቴን አየሁበት። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፤ ይህን ሰርክዓለም እንዳትሰማ። አምባዛው ከወንዙ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ አቀበለኝ።

«መጀመሪያ ሠሪው ይቅመስ።»

ብርጭቆውን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ደምሰው! ተነስ እንጂ፣ እንግዶቹ መጥተው የለ!» ሰርክዓለም ነበረች፣ ትከሻዬን እየነቀነቀች።

ዓይኔን እያሻሸሁ ሳሎን ገባሁ። አየሩን ሳብ አድርጌ አሸተትኩ፤ ምንም ሽታ የለም። የማኅበሩ ሴቶች ሻይ ይጠጣሉ። አኳሪየሙን አየሁት። ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ዓሦቼ ታች ተጨናንቀው ይተሻሻሉ። ከጎኑ የተቀመጠው ጣሳ ገና ይንጠባጠባል።

«ኧረ ጥሩወርቅ» አለች አንዷ ሴትዮ፣ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ «ውሃ በጠፋበት ጊዜ ይህን የመሰለ ሻይ በምን ውሃ አፈላሽው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«ልጄ ነው ያጣራው» አሉ። «በቄጠማ።»

ከእሳቸው አፍ «ልጄ» ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድደው ደረሰ።

«እንግዲያው ይደገመን!» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

በራዱ ባዶ ነበር። አማቴ ጣሳውን አንስተው ሰጡኝ። ዓሦቼን አየሁ፣ እንግዶቹን አየሁ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ኮራ ብዬ፣ ልቀዳላቸው ሄድኩ።