ስለ ገበሬው ቅዱስ ሥዕልና ስለ አቶ ደሞዝ ሰሊጥ

ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ከኮኪት በታች፣ በ«ላይ ዋርካ» ገበሬ ማኅበር መጋዘን ጥላ ሥር (ጥላው ሲዞር ስብሰባውም አብሮ ዞሯል)

የተገኙ፦
ጓድ አምባው፣ ሊቀመንበር
ጓድ አዛናው፣ የምርት ጉዳይ ኃላፊ
ወ/ሮ ታንጉት፣ የሴቶች ተወካይ
አቶ ቢሻው፣ የሽማግሌዎች ተወካይ
ያረጋል፣ ጸሐፊ

ከሰባት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሁለቱ የቀሩት ሰሊጥ እያጨዱ ነው፤ የተገኙትም ልባቸው እዚያው ነው። ስብሰባው በመፈክር ተከፈተ። አቶ ቢሻው ክንዳቸውን ስለሚያማቸው በልባቸው እንዲፎክሩ ተፈቅዶላቸዋል።

አጀንዳ 1፦ በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ስላለው ሥዕል

ክሊኒኩን ያገለግሉ የነበሩት የካቶሊክ መነኩሲት ትተውት የሄዱት ሥዕል፣ አንድ ገበሬ ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ ከኋላው መልአክ በበሬዎቹ ሲያርስለት ያሳያል። ወ/ሮ ታንጉት ከመነኩሲቷ እንደሰሙት፣ ሰውየው ኢሲዶሮስ የሚባል ቅዱስ፣ የባላባት መሬት በቅጥር የሚያርስ፣ ምሳውን ከድሃ ጋር የሚካፈል ነበር።

ጓድ አዛናው የሰውየው መደብ እንደሚያስመሰግነው፣ መልአኩን ያለ ክፍያ ማሠራቱ ግን ብዝበዛ መሆኑን ገለጹ። አቶ ቢሻው፣ «እስቲ አንተ ልጅ፣ መልአክ ምን ይከፈለዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ጓድ ሊቀመንበር መልአክ የሚባል ነገር እንደሌለ በሳይንስ ተረጋግጧል ብለው ክርክሩን ዘጉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሥዕሉ እንዲነሣ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ደሞዝን ሰሊጥ ማን እንዳጨደው ስለማጣራት

አቶ ደሞዝ ለጥያቄ ተጠርተው ቀረቡ። እሳቸውና ጓድ ሊቀመንበር በማሳ ድንበር ከተጣሉ ወዲህ ስለማይነጋገሩ፣ ጥያቄውም መልሱም በጸሐፊው በኩል አልፏል።

አቶ ደሞዝ ባለቤታቸውን ገንዳ ውሃ ከተማ ሲያስታምሙ ሰንብተው ሲመለሱ፣ በመርገፍ ላይ የነበረው ሰሊጣቸው ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ጠበቃቸው። ጓድ አዛናው፣ አዋጅ የከለከለውን ቅጥር ሠራተኛ ከደጋ አምጥተው ቢያሳጭዱ ነው፣ ስለዚህ ምርቱ ይወረስ አሉ። አቶ ደሞዝ፣ «የዓመት ጉርሳችን ይችው ናት። ማን እንዳጨዳት እኔ ምን አውቄ? ያ የሥዕሉ መልአክ ካልሆነ!» ሲሉ መለሱ።

ለድምፅ እጅ ሊነሣ ሲል ጓድ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የመልአኩ ነገር እንዲሁ መናቅ እንደሌለበት አሳሰቡ። ጓድ አዛናው ቅድም «የለም» ማለታቸውን ሲያስታውሷቸው፣ በአንደኛው አጀንዳ አለመኖሩ እውነት እንደሆነ፣ በሁለተኛው ግን ጥናት እንደሚያስፈልገው አስረዱ። አቶ ቢሻው የካቶሊክ መልአክ ለተዋሕዶ ገበሬ ያጭዳል ወይ አሉ። ሊቀመንበሩም፣ «ሰሊጥ ሲረግፍ እያየ ሃይማኖት የሚጠይቅ መልአክ ምን መልአክ ነው?» አሉ። ጸሐፊው ደግመው እንዲናገሩት ጠይቆ ነው የጻፈው።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ታንጉት፣ «ኧረ ጓድ ሊቀመንበር! በየዓመቱ ቀድመው የሚያጭዱት እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ ሰሊጥዎ ቆሞ ሲረግፍ፣ ማጭድዎ የት ከርሞ ነው?» አሉ።

ጥላው ዞረ፤ የተነሣ ግን የለም።

ሊቀመንበሩ ማጨዳቸውን አላስተባበሉም። ሆኖም ያሳዘናቸው ሰሊጡ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን፣ እርቅም አለመውረዱን አስመዘገቡ።

አቶ ደሞዝ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ማጭድ ይዘው ወደ ሊቀመንበሩ ማሳ ሄዱ። ወ/ሮ ታንጉት ተከተሏቸው። ጓድ አዛናውም ይህ ሥነ ሥርዓት አይደለም እያሉ ተከተሉ፤ አቶ ቢሻውና ጸሐፊውም እንዲሁ። ምልዓተ ጉባኤው እዚያ ስለሆነ ስብሰባው ወደዚያው ተዛወረ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የሚወረስ ሰሊጥ የለም። ሥዕሉም ካለበት አይነሣም። መልአክ ስለመኖሩ ማኅበሩ አቋም አልያዘም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡00 ሰዓት፣ የሊቀመንበሩ የመጨረሻ ነዶ ሲታሰር ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ጓድ ሊቀመንበር ከአቶ ደሞዝ ጋር ዛሬም እንደማይነጋገሩ አስታውቀዋል። ያስታወቁትም ለራሳቸው ለአቶ ደሞዝ ነው።