ዛፍ ላይ የወጣችው ዓሣ

በአገራችን ሰው የሚያምነውን ነገር እንዴት እንደሚመርጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እገሌ ጅብ ሆኖ መቃብር ሲቆፍር አደረ ቢባል፣ አንኮበር ውስጥ ማን አየው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁትን ብናገር ውሸታም ተባልሁ። ውሸታም መባሉስ ይሁን፤ የሰው መሬት ሊያስነጥቅ ነበር እኮ!

አምና ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ጭነት ጠባቂ ሆኜ እስከ ታጁራ ወረድሁ። መርከብ ይመጣል እየተባለ ከባሕሩ ዳር ወር ተኩል ስንቀመጥ፣ ዑመር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ፊት ለፊት ወዳለች የአሸዋ ደሴት በጀልባው ይወስደኝ ጀመር። እንዴት ያለች ደሴት መሰለቻችሁ! ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ጥሏት ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ዛፎቿ ጨው ውኃ ይጠጣሉ፤ ሥራቸውም ከጭቃው በላይ ቆሞ ይታያል። ሸርጣን የሚባል ፍጥረት ፊቱን ወደ እናንተ አድርጎ ወደ ጎኑ ይሮጣል። እንደ ገበታ የሰፋች ኤሊ ወጥታ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች።

አንድ ቀን ለማገዶ ብዬ ከዛፎቹ አንዱን ልቆርጥ መጥረቢያ ባነሣ፣ ዑመር ወላሂ እጅህን እሰብረዋለሁ አለኝ። ዛፉ ከሌለ ደሴቷን ማዕበል ይበላታል፣ ዓሣም የሚራባበት ያጣል አለ። ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ውጭ እንጨት አትንካ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ገርሞኝ ቁጭ ብዬ ሥሩን ስመለከት ነው እንግዲህ ጣት የምታህል ዓሣ ከጭቃው ወጥታ፣ በክንፏ እየዳኸች ዛፉ ላይ የወጣችው። ወጥታም አፈጠጠችብኝ።

ይህን አገሬ ገብቼ ባልናገር ምን ነበረበት? ተናገርሁ፤ ሳቁ። በየድግሱ እየጠሩ ያስነግሩኝና ይስቁ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሞኙ፣ የወደዱኝ ይመስለኝ ነበር።

ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ባልቴት ጎረቤት አሉኝ። ያለቻቸው ጎረቤላ ላይ አንዲት የገብስ ማሳ ናት። ባላቸው ሳይሞቱ ከአዋሳኛቸው ከደብተራ ወልዴ ጋር ድንበር ሲካለሉ፣ ድንጋዩን ተሸክሜ የተከልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ምስክሮች በሕይወት ያለሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ደብተራው ሰውየው መሞታቸውን አይቶ ድንጋዩን ወደ ማሳው መካከል ገፋው። ወይዘሮ የሺመቤት ከሰሱ፤ እኔን ምስክር ቆጠሩ።

ዳኛው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ደብተራ ወልዴ ኩታውን አጣፍቶ ተነሣና፣ ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስለ ዓሣ ይጠይቀኝ ጀመር! እግዚአብሔር ዓሣን ለውኃ ፈጠረ፤ ይህ ሰው ግን ዛፍ ላይ ሰቀላት፤ ፍጥረትን ያዛባ ሰው ድንበር ባያዛባ ነው የሚደንቀኝ አለ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ድንጋይ የገፋው እሱ፣ አዛቢው እኔ! ዳኛውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ በንጉሥ አምላክ ማልና ተናገር፤ ዓሣ ዛፍ ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም አሉኝ። ይወጣል ብል ምስክርነቴ መጣሉ ነው።

ወይዘሮ የሺመቤትን አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዩኛል። አይወጣም፣ ቀልዴን ነው አልሁ፤ ማልሁም። ዳኛው አሁን ሰው ሆንህ፣ እስቲ ስለ ድንጋዩ ንገረን አሉኝ። ነገርኋቸው፤ አመኑኝ፤ ማሳው ለባልቴቷ ተፈረደ።

መሐላው ግን ከነከነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ አባቴ፣ በሐሰት ምያለሁ፤ ዓሣዋ በእርግጥ ዛፍ ላይ ወጥታለች ብዬ ተናዘዝሁ። አባ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ሰባት ቀን ጾምና በየቀኑ አርባ ስግደት አዘዙብኝ። ለመሐላው በዛብኝ ብዬ ባጉረመርም፣ የለም ልጄ፣ ዳኛው ፊትስ እውነቱን ተናግረሃል፤ ይህ ንስሐ ላይ ስለ ዋሸኸው ነው አሉኝ።