የሳሙናው ቀልድ

«ቀልድ ነው እኮ» እያለ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ካምፓላ ውስጥ ኪሱጉ በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ስሙም የኔው ስም ነው።

ኮሮና ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ባስቀረን ሰሞን፣ እኔና ቀይዋ ባለቤቴ ሰላማዊት ከጎረቤታችን ከናካቶ ጋር ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ናካቶ ነርስ ናት፤ የካምፓላ ልጅ። አንድ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ጠቆር ያለች ሴት ለባሏ ማቶኬ የሚባለውን የሙዝ ምግብ ስታቀርብ ቀና ብሎ እንኳ አያያትም። በሳሙናው ታጥባ፣ ፊቷ ቀልቶ ስትመለስ ግን ከወንበሩ ይወድቅና «እመቤት፣ ሚስቴን አይተሻታል?» ይላታል።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ብቻዬን እየሳቅሁ መሆኔን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

«ምኑ ነው ያሳቀህ?» አለችኝ ናካቶ፣ በቀስታ።

«ቀልድ ነው እኮ።»

«ልጄ ግን ቀልድ አልመሰላትም። ትናንት ይህንኑ አይታ ፊቷን በሳሙና እስኪላጥ ስትፈትግ ደረስኩባት።»

ሰላማዊት ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

በማግስቱ የናካቶን ልጅ ግሎሪያን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋት። ስድስት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ቆስሎ ቅባት ተቀብቷል። ይቅርታ ልጠይቃት አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ሚስትህ የምትታጠበው በየትኛው ሳሙና ነው?»

«በሳሙና አይደለም፤ ስትወለድም እንዲሁ ነበረች። አንቺም እንዲሁ ቆንጆ ነሽ» አልኳት።

የቆሰለ ጉንጯን በጣቷ ዳሰሰች። አላመነችኝም።