አግዳሚ ወንበሬ ጌም ውስጥ ገባ

በዚህ ዕድሜዬ ጌም ቤት ገባሁ። አትሳቁ። ጨለለቂ ሰፈር ያየኝ ሁሉ ያወራዋልና ከኔው ከባለቤቷ ስሙት።

የወንድሜ ልጅ ሌንሴ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። እሷም ሰፈሩም አዳዳ ይሉኛል፤ የአባት እህት ማለት ነው። ሥራዋ የጌም አገር መሳል ነው። እኔ ደግሞ ጌም የሚባለው እንደ ጎመን ዘር በራሱ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። ለካስ እዚያ ውስጥ አንድ ዛፍ እንኳ ዝም ብሎ አይቆምም! አስቀድሞ ሰው ቁጭ ብሎ ያስበዋል፣ ይስለዋል። ነፋስ ከየት ይመታዋል? ከብት ይታከክበታል ወይ? ሌሎቹ በኮምፒውተር የሚሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሌንሴ አንድ በር ስትስል ሰነበተች። ደጃፉን ማን ማን እንደረገጠው ሳላውቅ እንዴት እስለዋለሁ ትለኛለች። የሚጫወተው ግን በሩጫ ያልፈዋል። ስሟን ማን ይጠራል? ወጡ ሲጣፍጥ ሽንኩርት የላጠችውን ማን ያነሳል?

አባቷ ገመቹ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አናጺ ነው። ቢላ ከተማ የቢሮ ሥራ አፈላልጎላት ሥዕሉን ተይው አላት። “ማን ያየዋል?” ነው ነገሩ ሁሉ። እሷም ልቧ ተሰበረ። ሰኞ ልትሄድ ልብሷን መሸከፍ ጀመረች።

የሳለችለት ጌም ሰፈራችን መግባቱን ስሰማ ገመቹን እየጎተትኩ ጌም ቤት ሄድኩ። ጎረምሶቹ ይታኮሳሉ። አንዱን፣ ማሎ ልጄ፣ ተኩሱን ተውና መንደሩን ቀስ ብለህ አሳየን ብዬ ለመንኩት።

“አዳዳ፣ ከቆምኩ እኮ ይገድሉኛል።”

“ሙትልኝ” አልኩት። ቆመ።

ወይ ጉድ! ኮረብታው ላይ ያ የኛ ቀይ ጭቃ። ዝናብ የበላው ቆርቆሮ። ጠፈጠፉ የግድግዳውን ሥር በጭቃ ረጭቶታል። ማንም ያልኖረበት ቤት፣ ሰው ወልዶ ከብዶ ያረጀበት ይመስላል! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጠፈጠፉ የት እንደሚያርፍ የሚያስብ ፈጣሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጎረምሳው ተገደለ። ደግነቱ እዚያ አገር ሞት ቀላል ነው፤ ወዲያው ተነሣና መራን።

አንዱ ደጃፍ ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? የኔ አግዳሚ ወንበር! አንድ እግሩ ተሰብሮ ድንጋይ የተደገፈው። ገመቹ ነገ እጠግነዋለሁ እያለ ልጅ ያሳደገበት ወንበር። ድንጋዩ እንኳ አልቀረም።

ገመቹ ተጠግቶ አየ። ከዚያ ይህን ጌም የት የት ነው የሚጫወቱት ብሎ ጎረምሳውን ጠየቀው።

“ዓለም ሁሉ፣ አባባ።”

ማታውኑ ሌንሴን ጠራት። ቢላ ይቅር፣ ሳዪ አላት። እልል ልል አፌን ስከፍት ጉሮሮውን ጠረገና ጨመረበት፦ ሌላ ጊዜ ግን ወንበሩን በአራት እግሩ አድርጊልኝ። ልጅቷም የአባቷ ልጅ ናት፤ “እኔ የምስለው ያየሁትን ነው፣ አባ” አለችው።

በማግስቱ ገና በማለዳ ደጄ ይንኳኳል። ስከፍት ገመቹ መዶሻና ምስማር ይዞ ወንበሬ ሥር ተንበርክኳል። ዓለም ያወቀውን ወንበር ሊያበላሽብኝ! ሄጄ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩበት።

“ተወው ገመቹ” አልኩት፤ “ማን ያየዋል?”