በአቶ ጌታሁን በር ላይ ስለተገኘው ጉድጓድ

እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሚዛን ተፈሪ።

የጠዋቱ ቆጠራ፦ አዋቂ 186፣ ሕፃናት 71፣ ጃንጥላ 94፣ ፍየል 1 (ተባራለች)።

የቤተ ክርስቲያናችን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ውሃ ገብቶበት ገጾቹ ስለተጣበቁ፣ መዝገቡ እስኪደርቅ ድረስ ይህ ቃለ ጉባኤ በእኔ በጸሐፊዋ የግል ደብተር፣ ከረቡዕ የኮረሪማ ርክክብ ቀጥሎ ባለው ገጽ ተይዟል።

ቦታ፦ የሕፃናት ሰንበት ትምህርት ክፍል። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ሁላችንም ጉልበታችንን አቅፈን ተቀምጠናል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ 7፡40።

የተገኙ፦
1. ወንጌላዊ ጥበቡ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ተካ፣ ማስታወቂያ አንባቢ
3. አቶ ጌታሁን፣ የልማት ክፍል ኃላፊ፣ ቡና አምራች፣ የጉድጓዱ ባለቤት («ባለቤት» የሚለው ቃል ይሰረዝልኝ ብለዋል፤ አልተሰረዘም)
4. ፋና ጌታሁን፣ የመዘምራን ተወካይ፣ የአቶ ጌታሁን ልጅ
5. ወ/ሮ አሰጋሽ፣ የሴቶች ኅብረት ተወካይ
6. ቤኪ፣ የወጣቶች ተወካይ
7. ካሰች፣ የቅመም ነጋዴ፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአሥራ አንዱ አባላት ሰባት መገኘት አለባቸው፤ ልክ ሰባት ሆነናል። ስለዚህ አንድ ሰው ለመጸዳጃ እንኳ ቢወጣ ስብሰባው እንደሚፈርስ ሰብሳቢው አስጠንቅቀዋል። ወ/ሮ አሰጋሽ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መጸዳጃ ቤት ስለሌለው የሚወጣ ቢኖር የሚሄድበት እንደሌለ አስታውሰዋል።

አጀንዳ፦ 1) ዝናብ ሲጥል ማስታወቂያ ስለሚነገርበት መንገድ፤ 2) ስለ ጉድጓዱ፤ 3) ስለ ፋና ጉዳይ፤ 4) የሚመጣው ሳምንት መርሐ ግብር። አቶ ጌታሁን ሦስተኛው እንዲቀድም ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ሦስተኛው ከባድ በመሆኑ ሰው ሲደክመው እንዲታይ ወስነዋል።

የጉዳዩ መነሻ

ሰብሳቢው እንደሚከተለው አብራርተዋል። ባለፈው እሑድ የማስታወቂያ ሰዓት ሲደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። መብራትም ጠፍቶ ስለነበር ማይክ አልሠራም። አቶ ተካ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎታቸው አንድም እሑድ ማስታወቂያ አሳድረው ስለማያውቁ፣ ማስታወቂያውን በእጃቸው አሳዩ። እንደተለመደው በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ በቤንችኛ አንድ ጊዜ።

ወ/ሮ አሰጋሽ፣ በእጅ ሲሆን የሁለቱ ልዩነት ምን እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ተካ፣ የቤንችኛው ረጋ ያለ ነው ሲሉ መልሰዋል።

ማስታወቂያዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የመጸዳጃ ጉድጓድ ስለሚቆፈር ጉልበት ያለው ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ እንዲመጣ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ዕለት አራት ሰዓት ላይ ፋናን ለባምላኩ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከቴፒ ወደ አቶ ጌታሁን ቤት ስለሚመጡ፣ የተመረጡ አምስት አባቶች ክራቫት አስረው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ለአቀባበል እንዲገኙ ነው።

አቶ ተካ ዶማ ማንሳትና መጣል አሳይተው እንዳበቁ፣ ሁለተኛውን ማስታወቂያ ለመጀመር በጣታቸው ወደ አቶ ጌታሁን አመለከቱ። ሕዝቡ ግን ገና ዶማው ላይ ነበር። ክራቫት ማሰር ካሳዩ በኋላ ደግሞ በጓሮ በር የገባች ፍየል እንድትባረር ለአስተናጋጆቹ ወደ ጓሮ ጠቆሙ።

በዚህም መሠረት ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሠላሳ አራት ሰው ዶማና አካፋ ይዞ አቶ ጌታሁን ቤት ደረሰ። አምስቱ አባቶች ክራቫታቸውን አስረው በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እስከ ስድስት ሰዓት ቆሙ። ሦስቱን ቆመው ሳሉ ጉንፋን ይዟቸዋል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ማስታወቂያ

ሰብሳቢው የተሰበሰብነው አቶ ተካን ለመውቀስ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ ግን የአቶ ተካ እንደሆነ ገልጸዋል። አቶ ተካ ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው ብለዋል።

ኮርኒስ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ፋና፣ መዘምራኑ ኮርኒስ ድምፅ ይውጣል ብለው ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ መቃወማቸውን፣ አሁንም እንደሚቃወሙ አሳወቀች።

ወ/ሮ አሰጋሽ፣ ዝናቡ እሑድ ከአምስት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት እንዲያቆም የሴቶች ኅብረት በጸሎት ይያዘው አሉ። አቶ ጌታሁን ብድግ ብለው፣ ቡና ፍሬ በሚሞላበት ወር ማንም በዝናብ ላይ እጁን እንዳያነሳ ሲሉ ተቃወሙ። ወ/ሮ አሰጋሽ ሐሳባቸውን አሻሽለው፣ ጸሎቱ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ብቻ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ሜትር በሃያ እንዲሆን አቀረቡ። ቤኪ፣ የእጅ መታጠቢያው ሮቶ የሚሞላው ከዚያው ጣሪያ በሚወርድ ውሃ እንደሆነ አስታወሰ። ሐሳቡ ወደቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል አቶ ተካ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ አድርገው ዝናቡ እስኪያባራ መድረኩ ላይ እንዲቆሙ ተወሰነ። አቶ ተካ፣ ይህ ውሳኔ ዓምና ቢኖር ኖሮ ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያው ቆመው ይከርሙ እንደነበር ወደ ቃለ ጉባኤ ይግባልኝ ብለዋል። ገብቷል። ውሳኔው በአምስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። አቶ ተካ ለልምምድ እጃቸውን ኪስ ከትተው ስለነበር ድምፃቸው አልተቆጠረም።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጉድጓዱ

ቤኪ የሥራ ሪፖርት አቀረበ። ርዝመት ሁለት ሜትር፣ ወርድ አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀት የሰው ቁመት፣ የፈጀው ጊዜ ሃምሳ አምስት ደቂቃ። ግድግዳው በቱንቢ የተለካ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ በከተማው እንደሌለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ግን ድንጋይ ስለሆነ ከዚህ በፊት ሁለት ዶማ እንደሰበረባቸው ተናገረ።

አቶ ጌታሁን፣ ከግቢው ሁሉ ለምን መግቢያው በር ላይ እንደተቆፈረ ጠየቁ። ቤኪ፣ «ጋሼ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ቡና ነው። የእርስዎን ቡና ነቅለን የት እንገባለን?» አለ። ባለቤታቸው ስለምን እንዳላስቆሙ ተጠይቀው፣ እሳቸው ለስላሳ ሊገዙ ገበያ ወጥተው እንደነበር፣ ባለቤታቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የላከው ሥራ መስሏቸው ለቆፋሪዎቹ ቆሎ እንዳቀረቡ አስረዱ። ቤኪ ለቆሎው ምስጋና እንዲመዘገብ ጠየቀ። ተመዝግቧል።

ጉድጓዱ ጥሩ ስለሆነ በንብረት ዝውውር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይምጣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጸሐፊዋ አፈሩን እንጂ ጉድጓዱን ማጓጓዝ እንደማይቻል አሳሰበች። እንግዲያው መጸዳጃ ቤቱ እዚያው ይሠራና ምእመናን እሑድ እሑድ አቶ ጌታሁን በር ይሰለፉ የሚል ሐሳብ ተከተለ። አቶ ጌታሁን ስብሰባውን ጥለው ተነሡ፤ ምልዓተ ጉባኤው ስለሚጎድል ተለምነው ተቀመጡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጉድጓዱ በቆፈሩት ሠላሳ አራት ሰዎች እንዲሞላ ተወሰነ። ከመሞላቱ በፊት ፎቶ ይነሣ የሚለው የቤኪ ማሻሻያ በአንድ ድምፅ ብልጫ አልፏል።

አጀንዳ 4፦ የሚመጣው ሳምንት

ይህ ቀላል ስለሆነ ከሦስተኛው እንዲቀድም ሰብሳቢው ጠይቀው አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። ረቡዕ ጸሎት፤ ዓርብ በአንድ ሰዓት የመዘምራን ልምምድና የሴቶች ኅብረት ስብሰባ በአንድ አዳራሽ ተገጣጥመዋል። ወ/ሮ አሰጋሽ መዘምራኑ በለሆሳስ ይዘምሩ አሉ። ፋና የሴቶች ኅብረትም በለሆሳስ ይነጋገር አለች። በዚህ ጊዜ ሁሉም ስለሳቀ ውሳኔ አልተሰጠም። ቅዳሜ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮ ይኖራል፤ ቦታው በቃል ይነገራል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ፋና ጉዳይ

አቶ ጌታሁን የቅዳሜውን ዕለት፣ ከባለቤታቸው የሰሙትን ጨምረው፣ እንዲህ ተናገሩ። አራቱ የቴፒ ሽማግሌዎች በአቶ ታምሩ መሪነት፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በኮንትራት ሚኒባስ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። በሩ ክፍት ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ግን መሬት አልነበረም። አራቱም አፋፉ ላይ ተሰልፈው ቁልቁል አዩ። ቤኪና ጓደኞቹ እንግዳ አክባሪዎች ስለሆኑ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው «ግቡ! ግቡ!» አሏቸው። አቶ ታምሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «እንቢታ በቃል ይበቃ ነበር፤ ይህን ሁሉ አፈር ምን አስወጣው?» አሉና ሁሉም ወደ ሚኒባሳቸው ተመለሱ። አቶ ጌታሁን ሁለት ሣጥን ለስላሳ አስጭነው ሲመጡ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ሰላምታ ሰጥተዋቸው ነበር፤ አልመለሱም።

ፋና እንድትናገር ተጠየቀች። ባምላኩ ማታውን ደውሎ፣ «አባትሽ የቆፈረው ለአራቱ ብቻ ነው ወይስ ለእኔም ይበቃል?» እንዳላት፣ እሷም ነገሩን ስታስረዳው እስኪያስለው ድረስ እንደሳቀ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ግን የሁለት ልጆች የስልክ ወሬ አንሰማም፣ በዓይናችን ያየነውን አይተናል ብለዋል። የባምላኩ አባትም ማሻ ከተማ ሌላ ጥሩ ቤት አለ እያሉ ነው፤ ማክሰኞ ሽማግሌዎቹን ይዘው ወደዚያ ሊሄዱ ቀጥረዋል። ይህን ስትናገር አልሳቀችም። ስብሰባው ከተከፈተ ጀምሮ ስታስቅ የዋለችው ግን እሷ ነበረች።

ሰብሳቢው፣ አቶ ጌታሁን ነገ ቴፒ ሄደው ስሕተት ነው ብለው ቢያስረዱ ነገሩ እንደሚያልቅ አሳሰቡ። አቶ ጌታሁን፣ «የሴት ልጅ አባት ነኝ እኮ! እነሱ ደጅ ይጠናሉ እንጂ እኔ ልጄን ይዤ ደጅ አልጠናም» አሉ። ወ/ሮ አሰጋሽ ይህ ትክክል መሆኑን፣ እሳቸውም በተጠየቁ ጊዜ አባታቸው ሽማግሌዎቹን አምስት ጊዜ እንዳመላለሱ መሰከሩ።

ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ሰብሳቢው «ጉድጓዱ እናንተን ታሳቢ አድርጎ ያልተቆፈረ ስለመሆኑ» ብለው ርእሱን አነበቡ። ፋና ፊቷን በመዝሙር ደብተሯ ሸፈነች። አቶ ተካ እሳቸው ራሳቸው ሄደው ለማስረዳት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። በአንድ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሰባት ሰው ያለበት መልእክተኛ ቡድን ደብዳቤውን ይዞ እንዲሄድ በአራት ድጋፍ ተወሰነ። አቶ ጌታሁን፣ ቡድን የላከ አባት ከሄደ አባት ይብሳል ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ አሰጋሽ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ «ካሰች፣ ነገ ሰኞ አይደል እንዴ? እርድ ልትገዢ ቴፒ ትወርጂ የለም?» አሉ። ጸሐፊዋ እንደምትሄድ፣ አቶ ታምሩ የሁለት ዓመት የእርድ ደንበኛዋ እንደሆኑ፣ ኩንታል እስኪመዘን ብዙ ጨዋታ እንደሚነሣ አስረዳች። የጉድጓዱ ነገር ደግሞ ሰው ሳይጠይቃት የምታወራው ወሬ እንደሆነ ጨመረች።

አቶ ጌታሁን በመጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ቀጥለው ከፋቸው። «ከዚህ ስብሰባ ተነሥታ ከሄደች እኮ የተላከች ናት። እኔም እጄን አውጥቼ ተወያይቻለሁ። ጌታሁን ኮሚቴ ሰብስቦ ተከተለን ይላሉ» አሉ።

ፋና፣ «አባዬ፣ ስብሰባው ባይኖርስ?» አለች።

ሰብሳቢው ሦስት ሰዓት ተቀምጠን አልተቀመጥንም ማለት ውሸት እንደሚሆን፣ እሳቸው ወንጌላዊ እንደሆኑ አስታወሱ። ፋና፣ «እንሰርዘዋለን እንጂ አንዋሽም» ብላ መለሰች። ሰብሳቢው መተዳደሪያ ደንቡን ገልጠው መሰረዝ እንደሚቻል አገኙና ፊታቸው በራ።

በመሆኑም የሚከተለው ተወሰነ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ደብዳቤ የለም፤ ቡድን የለም፤ ጸሐፊዋ በማንም አልተላከችም። አቶ ተካ የኪሱም ውሳኔ ተሽሮ እንደሆነ ጠይቀው፣ አዎ ሲባሉ ሁለት እጃቸውን አውጥተው ደገፉ። በዚህም ምክንያት ከሰባት ሰው ስምንት ድጋፍ ተገኝቷል።

ቤኪ ጉድጓዱን የመሙላት ውሳኔም እንደወደቀ አመለከተ። ማንም ምንም አልወሰነም። ብቻ ሰብሳቢው ወደ ቤታቸው በዚያ በኩል እንደሚያልፉ ተናገሩ። ቤኪም በዚያ በኩል እንደሚያልፍ፣ አካፋም እንደያዘ ተናገረ። ወ/ሮ አሰጋሽ ቤታቸው በሌላ በኩል ቢሆንም በዚያ ያልፋሉ።

ያልተደረገው ስብሰባ 10፡55 ላይ በጸሎት ተዘጋ።

ስንወጣ ፋና ጃንጥላዬን አቀበለችኝና፣ «እትዬ ካሰች፣ አባዬ እሺ ይላል በያቸው» አለችኝ። ትንሽ ሄድ ብላ ተመለሰችና፣ «በያቸው ግን አላልኩሽም» አለች።

ነገ፦ በመጀመሪያው መኪና ቴፒ። እርድ ሦስት ኩንታል፣ ከአቶ ታምሩ።